እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ የት ይደር?

ከኮልፌ ቀራኒዮ እስከ ላሊበላ፣ ከፒያሳ እስከ ግጭ፦ የቱሪዝም ልማት ደጃፍ ሲደርስ ነዋሪው ምን ይላል?

በሥራ ቀን ኮልፌ አጠና ተራ ጆሮ አያስደምጥም። የባሕር ዛፍ አጠና ከመኪና ሲራገፍ፣ ደላላው ሲጣራ፣ ጋሪው ሲንጫጫ ይውላል። እሁድ ረፋድ ላይ ግን ከዚያው ተነስቶ ወደ ቀራኒዮ መድኃኔ ዓለም አቅጣጫ ለሚያዘግም ሰው ሌላ ሰፈር ይገጥመዋል። ከቅዳሴ የተመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆመው ይጨዋወታሉ። ልጆች ኮብልስቶኑ ላይ ኳስ ያንከባልላሉ። የዕድር ቤቱ በር ተከፍቶ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ትልልቁ ድስት ይቆጠራል። ወርሃዊ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ያልከፈለ ይቀጣል፤ የታመመ ካለ ጠያቂ ይመደባል።

ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግን ወሬው ከሰፈር ይወጣል። ሰፈሩ ለልማት ፈርሶበት ከፒያሳ የተነሳ ዘመድ የት ደረሰ? ካዛንቺስ የነበረችው እህት ልጆቿን የት አስገባች? ከዚያም አንዱ ሌላው በልቡ የያዘውን ይጠይቃል፦ «ወደ እኛስ መቼ ይመጣል?»

ጥያቄው የሥጋት ብቻ አይደለም፤ የመሬቱን አቀማመጥ ያየ ሰው የሚያነሳው ነው። ኮልፌ ቀራኒዮ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። በሰሜን በኩል ከጉለሌ ክፍለ ከተማ ጋር የሚጋራው ተራራማ ደን አለ፤ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 700 ሄክታር ያህል ይዞ የተቀመጠው እዚያ ነው። በምዕራብ የወጨጫ ተራራ ይታያል። ትንሹ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ምዕራባዊውን የከተማዋን ክፍል እያቋረጡ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በአየር ጤና በኩል የጅማ መንገድ ይወጣል። ተራራ፣ ደን፣ ወንዝ፣ አየርና ጸጥታ። የሆቴልና የሎጅ ባለሀብት የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከመሀል ከተማ ሸሽቶ እዚህ ቤት የሠራው ጡረተኛም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ማዕበሉ ከየት ተነሳ?

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ይፋ ባደረገው አገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ ውስጥ ቱሪዝም ከግብርና፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከማዕድንና ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ጋር ከአምስቱ ምሰሶዎች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያ በፊትም ምልክቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የታወጀው «ሸገርን ማስዋብ» ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ያስፈልገዋል ተብሎ ነው የተጀመረው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተካሄደው «ገበታ ለሸገር» የእራት ግብዣ ላይ አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሽጧል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተከታተለ። መስከረም 2012 አንድነት ፓርክ፣ መስከረም 2013 እንጦጦ ፓርክ ተከፈቱ። «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ይዞ መጣ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ የኮሪደር ልማት ተጀመረ። የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ ዳር መብራት፣ ፋውንቴንና አደባባይ አዲስ አበባን ለስብሰባና ለጉብኝት የምትመረጥ ከተማ ያደርጋታል ተባለ።

የዚህን ሥራ ጥቅም መካድ ተገቢ አይደለም። እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ እንጦጦ የሚወጣው የከተማዋ ነዋሪ ነው። ምሽት ላይ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ የሚንሸራሸረውም እሱ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ የፈረሱት የቀበሌ ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁ፣ ክረምት የሚያፈሱ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ የሚጋሩ ነበሩ። «ቤቴን ወድጄዋለሁ፣ ጣሪያው ግን ጠልቶኛል» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሰው የተሻለ ቤት አልጠላም። ቅሬታው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የት እንደሆነ ለማየት ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቱሪስት ቀድሞ ወደ ደረሰባቸው ቦታዎች መሄድ ይጠቅማል።

ላሊበላ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የተነሱት

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። አስራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በምድረ በዳ የቆሙ አይደሉም። ዙሪያቸውን ሰው ይኖር ነበር። ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ሣር ክዳን ቤቶች ተጠጋግተው ቆመው ነበር። የገና ሰሞን ከመላ አገሪቱ በእግር የሚመጣው ተሳላሚ የሚያድረው እነዚሁ ቤቶች ውስጥና ደጃፋቸው ላይ ነበር። ጠላ የምትጠምቀው፣ ጧፍ የምትሸጠው፣ ማደሪያ የምታከራየው እናት ዓመቱን የምትገፋው በዚያ ሰሞን ባገኘችው ነበር።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2009 ያጸደቀው፣ 35 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት የኢትዮጵያ ዘላቂ ቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ላሊበላን ከትኩረት ቦታዎቹ አንዷ አደረጋት። በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅርብ ዙሪያ የሚኖሩ አባወራዎች ተነስተው ኩራኩር በሚባል አካባቢ እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ምክንያቱ ተራ ምክንያት አልነበረም፤ የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ቅርሱ ይወርዳል፣ ግንባታው ይጠጋል፣ አካባቢው ይጨናነቃል ተባለ። ጥቂት ክብ የድንጋይ ቤቶች ለማስታወሻ ቀሩ፤ ነዋሪ ግን የላቸውም።

የተነሱት ሰዎች ያነሱት ቅሬታ የተድላ ጥያቄ አልነበረም። ሌሊት ለማኅሌት በእግር ይደርሱበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ራቀ። ገበያው ራቀ። የተሳላሚው ኪራይ ቀረ። ላሊበላን ለዓመታት ያጠኑት ፈረንሳዊቷ የመልክዓ ምድር ምሁር ማሪ ብሪዶኖ በቅርስ ጥበቃና በኢኮኖሚ ልማት ስም ሰውን ከቦታው ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቁት በዚችው ከተማ ምሳሌ ነው።

የላሊበላ ነዋሪ ግን በዚያ ብቻ አላበቃም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው የቆሙ ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ የምሰሶዎቹ ክብደት ድንጋዩን ይጎዳል፣ ንፋስ ቢጥላቸው ቅርሱ ላይ ይወድቃሉ የሚል ፍርሃት በከተማዋ ነገሠ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካህናትና ምእመናን፣ ሽማግሌና ወጣት ተሰባስበው አደባባይ ወጡ፤ መጠለያው ይነሳልን አሉ። ድምፁ ርቆ ተሰማ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ተገኝተው አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

ይህ ታሪክ አንድ የተለመደ አስተሳሰብን ያፈርሳል። በልማት ሰነዶች ውስጥ ነዋሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ለቅርሱ እንደ ሥጋት ነው። የሚያጨናንቅ፣ የሚያቆሽሽ፣ የሚነካ ተደርጎ ይጻፋል። በላሊበላ ግን ባለሙያና ለጋሽ ለጊዜው ብለው ያቆሙት ምሰሶ ሊያደርስ የሚችለውን አደጋ በአደባባይ የጮኸው ነዋሪው ነበር። ስምንት መቶ ዓመት ቅርሱን የጠበቀ ሕዝብ የሚለው ነገር እንዳለው ለማወቅ ሰልፍ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ግጭ፦ ገበሬው ከተማ ሲገባ

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ከላሊበላ ጋር በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዝርዝር ነው የተመዘገበው። ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ደጋ ነው፤ ገብስ የሚዘራበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ማለዳ ውርጭ የሚይዘው አገር። ወደ ፓርኩ የሚገባው ተጓዥ በግጭ በኩል ሲያልፍ በቅሎ የሚያከራየው፣ ዕቃ የሚጭነው፣ መንገድ የሚመራው የአካባቢው ገበሬ ነበር።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ቀንሰዋል፣ ግጦሽና እርሻ ሣሩን ጨርሶታል ተባለ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተቀመጡት ጉዳዮች ውስጥ በፓርኩ ውስጥ ያለውን ሰፈራና ግጦሽ መቀነስ ይገኝበታል። በ2008 ዓ.ም. 418 የሚሆኑ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017፣ ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ አወጣው።

በዲፕሎማሲ መለኪያ ድል ነው። ሣሩም አገግሟል። ግን አርሶ አደር የነበረ አባወራ በእጁ ብር ይዞ ከተማ ሲገባ የሚገጥመው ፈተና በዚያ ሪፖርት አይታይም። ገብስ ማረስ እንጂ ሱቅ መክፈት አልለመደም። ካሳው ቤት ሠርቶበት ያልቃል። በቅሎው የሚያልፍበት መንገድ አሁን ሌላ ሰው የሚሠራበት ነው። የአካባቢው ሰው ግጭን ለቆ ስለመሄዱ ሲጠየቅ፣ ተስማምቻለሁ የሚለውም፣ ተገድጃለሁ የሚለውም ይገኛል፤ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ ከተነሳን በኋላ ከፓርኩ ገቢ ምን ድርሻ አለን?

የሚካሰው ግድግዳው ነው

እዚህ ላይ የነገሩን ሥር የሚያሳየው ሕጉ ነው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይህን ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ ቤት ለልማት ሲነሳ የሚገመተው በመሬቱ ላይ የሠፈረው ንብረት ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ ዛፉ። ምትክ ቦታ ይሰጣል፤ የመፈናቀያ ካሳም አለ። ቦታው ራሱ፣ ማለትም ከመርካቶ ያለው ርቀት፣ ከተራራው ላይ የሚታየው ገጽታ፣ ጸጥታው፣ ለታክሲ ያለው ቅርበት ግን ዋጋ አይወጣለትም።

ለቱሪዝም የሚመጣ ባለሀብት ደግሞ የሚፈልገው ግድግዳ አይደለም። የድሮውን ቤት ሊያፈርሰው ነው። የሚከፍለው ለዕይታው፣ ለቦታው፣ ለአየሩ ነው። ነዋሪው የሚካሰው በአንድ ነገር፣ ባለሀብቱ የሚያተርፈው በሌላ ነገር ነው። ይህ ክፍተት በፋብሪካ ወይም በመንገድ ግንባታ ላይም አለ፤ በቱሪዝም ግን ይሰፋል፤ ምክንያቱም የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ቦታው ነው።

በተለይ የሚጎዳው ካርታ የሌለው ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የከተማዋ መሀል በቀበሌ ቤት ተከራይ ተሞላ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲነሳ ምትክ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የማግኘት ዕድል አለው። ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረው፣ ደባሉ፣ በጨረቃ ቤት የሚኖረው ግን ስሙ ከዝርዝር ላይ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮልፌን በመሳሰሉ የዳር ሰፈሮች ደግሞ እንዲህ ያለው ነዋሪ ጥቂት አይደለም።

ሆኖም ሕጉ ባዶ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ሦስት ነገሮች ይዞ መጥቷል። አንደኛው፣ ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም ሊወያይበት ይገባል ይላል፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ ግን ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም ያክላል። ሁለተኛው፣ በመልሶ ማልማት ቀጣና ውስጥ ያለ ባለይዞታ አቅም ካለው በግልም ሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ ቦታውን ራሱ የማልማት የቅድሚያ መብት አለው። ሦስተኛው፣ ከአካባቢው ርቆ ለሚሄድ ተነሺ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ ይሰጣል።

ሦስተኛውን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሕግ አውጪው ዕድር ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው። ጎረቤት መሞቱን ሰምቶ ድንኳን የሚተክል፣ ልጅ የሚጠብቅ፣ ቡና የሚያጣጣ ሰው ሲለይህ ንብረት እንደጠፋብህ ይቆጠራል። ግን በገንዘብ ተተምኖ የሚሰጠው ካሳ ዕድሩን አይመልሰውም። ፒያሳ ላይ ሠላሳ ዓመት የተዋጣበት ዕድር፣ አባላቱ በከተማዋ ዳርቻዎች ሲበተኑ፣ ቀብር ላይ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይለውጣል። ቢቻል አብረው የተነሱ ጎረቤቶች አንድ ቦታ ይስፈሩ የሚለው ጥያቄ በየሰፈሩ የሚደጋገመው በዚህ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ከአዋጁ በፊት ተናግሯል። አንቀጽ 43 ዜጎች ኅብረተሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ አንቀጽ 44 በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ እንደሚገባው፣ አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሕዝብ ከዕቅዱ ጀምሮ ሐሳቡን እንደሚገልጽ ይደነግጋሉ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሚመለከታቸው ነዋሪዎች አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል።

ወረቀቱና ተግባሩ የሚለያዩት በጊዜ ላይ ነው። የከተማው አስተዳደር በኮሪደር ልማቱ ነዋሪን አወያይቻለሁ፣ ምትክ ቤትና ካሳ ሰጥቻለሁ ይላል። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብት ተቋም አምነስቲ ኢንተርናሽናል በበኩሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ባወጣው መግለጫ፣ ከወራት በፊት በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ቢያንስ 872 ሰዎች በግዳጅ መነሳታቸውን ገልጾ፣ በቂ ምክክርና ጊዜ አለመሰጠቱን ተችቷል። ሁለቱ ወገኖች ውይይት ተደረገ፣ አልተደረገም በሚል ሊከራከሩ ይችላሉ። ነዋሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው አንድ ነው፦ ስብሰባ ተጠራን፣ የተነገረን ግን የምንነሳበት ቀን ነው።

ሳይነሱ የሚጎዱትስ?

ቤቱ የማይፈርስበት ነዋሪም አለ። ጸጥ ያለ ሰፈር ጫፍ ላይ ሎጅ ወይም መዝናኛ ሲከፈት ማፍረሻ አይመጣም፤ የሚመጣው ምሽቱ ነው። ሙዚቃ፣ የመኪና ጡሩምባ፣ ጄኔሬተር፣ ጠባብ መንገድ ላይ የቆመ ሚኒባስ። በኢትዮጵያ የመኖሪያ አካባቢ የድምፅ ገደብ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። 45 ዴሲቤል በጸጥታ የሚነጋገሩ ሰዎችን ድምፅ እንኳ አያክልም። ገደቡ አለ፤ የሚለካው ግን ነዋሪ አቤት ሲል ነው፤ አቤቱታውም ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ ባለቤቱ ይታክታል።

ከቤት ኪራይ የሚመጣውም አለ። አንድ ሰፈር «ሲታወቅ» የዶሮና የእንቁላል ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ኪራይ ይጨምራል። ይህን እኛ ብቻ አልተጋፈጥነውም። በባርሴሎና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ሰልፈኞች በጎብኚዎች ላይ በውሃ ሽጉጥ ረጩ፤ የከተማዋ ከንቲባ ዣውሜ ኮልቦኒ ለቱሪስት የሚከራዩ ከ10,000 በላይ አፓርታማዎችን ፈቃድ ባለማደስ እ.ኤ.አ. እስከ 2028 እንደሚያስቀሯቸው አስታውቀው ነበር። ቬኒስ በዚያው ዓመት ለአንድ ቀን ጎብኚ የ5 ዩሮ መግቢያ ጣለች። ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ሎሊዮንዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 መንግሥት 1,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለአደን ቱሪዝም ሲከልል ማሳይ አርብቶ አደሮች ተቃውመው ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጭተዋል።

የባርሴሎና ሰው የሚከራከረው ኪራዬ ተወደደ ብሎ ነው። የሎሊዮንዶና የላሊበላ ሰው የሚከራከረው መሬቴን ለቀቅኩ ብሎ ነው። መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር ቦታው ለልማት ሲፈለግ ነዋሪው ቤቱን በገበያ ዋጋ ሸጦ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህም ተቃውሞው ከኪራይ ክርክር ይልቅ ጠንከር ይላል።

ቀድሞ የነበረው ቱሪዝም

ኮልፌ ቀራኒዮ ቱሪስት አይቶ የማያውቅ ሰፈር አይደለም። ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ተቋም ነው። በአቅራቢያው በሥጋ ደዌ የተጎዱ እናቶች ጥልፍና የሽመና ሥራ የሚሸጡበት የዕደ ጥበብ ሱቅ የውጭ እንግዶች ለዓመታት አድራሻ ጠይቀው የሚመጡበት ነው። እዚያ የመጣ ጎብኚ የሚገዛው ነዋሪው የሠራውን ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቀራል።

ኮልፌ ሌላም ታሪክ አላት። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ካሰለጠኗቸው ኃላፊዎች መካከል ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይገኙበታል። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ድርጅታቸው ስለጠራቸው ግን ሳይጨርሱት ተመለሱ። የማንዴላን ፈለግ ተከትሎ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ እንግዳን ለመቀበል አንድም ቤት ማፍረስ አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ አስጎብኚና በእግር የሚያስኬድ መንገድ ይበቃል፤ ከጉብኝቱ በኋላ ቡና የሚጠጣበት ደጃፍም ሰፈሩ ውስጥ አለ።

በእንጦጦም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ፓርኩ ከመከፈቱ ከረጅም ጊዜ በፊት ከተራራው ላይ ማገዶ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው ሽመና ጀምረው፣ ነጠላና ሻርፕ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። እንጨት ከመሸከም የወጡት ተራራው ላይ እንዳሉ ነው፤ ከእንጦጦ አልራቁም።

እንዲህ ያለው ቱሪዝም ትልቅ ሆቴል አይሠራም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወዲያው አያመጣም። ለትልቁ ገንዘብ ትልቅ ግንባታ ያስፈልጋል የሚለው የመንግሥት ክርክር ሐሰት አይደለም። ግን ትንሹን ቀድሞ ማየት ያልቻለ ዕቅድ ትልቁን ሲሠራ የሚያፈርሰውን አያውቅም። ካርታ ላይ የዕድሩ ቤት አንድ ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ የሸማኔው ዕቃ ቤት «ደረጃውን ያልጠበቀ ግንባታ» ነው፤ የጠላ ሻጯ ደጃፍ ደግሞ ጨርሶ አይታይም።

ከስብሰባው በፊት

ስለዚህ ለኮልፌ የዕድር ሰብሳቢ፣ ለቤቴል ጡረተኛ፣ ለአየር ጤና ተከራይ የሚጠቅመው ተቃውሞውን ለማፍረሻው ቀን ማቆየት አይደለም። በዚያን ቀን የሚቀረው የካሳ ክርክር ብቻ ነው። ጥቅም ያለው ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ነው። የአካባቢው የመዋቅር ፕላን በወረዳና በክፍለ ከተማ ሊጠየቅ ይችላል፤ በከተማዋ ፕላን ሰፈሩ ምን ተብሎ እንደተሰየመ፣ ለአረንጓዴ ነው ወይስ ለቅይጥ አገልግሎት፣ ማየት ማንም ሊነፈገው የማይገባ ነገር ነው። ካርታ ያላቸው ጎረቤቶች ተሰባስበው የቅድሚያ ማልማት መብታቸውን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። በአካባቢው ሎጅ ሊሠራ ከሆነ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ይፋ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። ካርታ የሌላቸው ተከራዮችና ደባሎች ስማቸው በዕድር መዝገብ ላይ መኖሩ እንኳን የነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ሊረዳቸው ይችላል። ስብሰባ ሲደረግም ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የተባለው ያልተባለ እንዳይሆን።

ዕድር ይህን ለመሥራት የተሻለ አቅም አለው። ስብሰባ መጥራት ያውቃል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ባለጠጋውንና ድሃውን በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል። ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር ለሕያዋን ቤት መቆም አይከብደውም።

የከተማው አስተዳደር በበኩሉ ከላሊበላ መማር ያለበት አንድ ነገር ነው። ነዋሪው መጠለያውን በመቃወም ቅርሱን ጠበቀ፤ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ደግሞ ወጪውም፣ ፍርሃቱም፣ ሰልፉም ይቀር ነበር። የግጭ ገበሬም ከመነሳቱ በፊት ከፓርኩ ገቢ ድርሻው በጽሑፍ ቢቀመጥለት ኖሮ ዛሬ ደባርቅ ላይ የሚጠይቀውን አይጠይቅም ነበር።

ወረዳው ነዋሪውን ለስብሰባ በጠራ ቀን መቅደም ያለበት ጥያቄ የካሳው መጠን አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፕላኑ አልቋል ወይስ ገና ነው የሚለው ነው። ገና ከሆነ ውይይቱ ይጀመር። ካለቀ ግን መድረኩ ማስታወቂያ ነው፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ እንደዚያው ይጻፍ።